ሞንታና ራንች ላይ ጅረትና ኩሊ ካርታ ማውጣት፦ ሦስት ዳታ ሦስት የተለያየ ነገር ይለኛል፣ የቱን ልመን?

ኮንቱር27፦

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ሰርቬይና ጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መስራት) ላይ ያላችሁ ወገኖች እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ምስራቅ ሞንታና ጋርፊልድ ካውንቲ ውስጥ ላለ አንድ የከብት ራንች የውሃ ካርታ እየሰራሁ ነው። አካባቢውን ለማታውቁት፣ ካውንቲው ወደ 12,000 ስኩዌር ኪሎሜትር ይጠጋል፣ በ2020 ቆጠራ ህዝቡ ግን 1,173 ብቻ ነው፣ ከጆርዳን ከተማ ወጣ ካላችሁ በኋላ ቤት የሚባል ሳታዩ ረጅም መንገድ ትነዳላችሁ። መሬቱ ደግሞ በኩሊ የተቆራረጠ ነው። ኩሊ የሚሉት ያው ፈፋ በሉት፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ታችው ሜዳ የሆነ፣ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ሆኖ በረዶ ሲቀልጥ ወይ ጁን ላይ ዶፍ ሲጥል ብቻ ውሃ የሚወርድበት።

ችግሬ እንዲህ ነው። እጄ ላይ ሦስት ነገር አለ፣ አንደኛው የዩኤስጂኤስ (የአሜሪካ የጂኦሎጂ ቅየሳ መስሪያ ቤት) የድሮው 1:24,000 ካርታ፣ ሁለተኛው ኤንኤችዲ የሚባለው የጅረቶች ዳታ፣ ሦስተኛው የላይዳር (ከአየር በሌዘር የተለካ) 1 ሜትር ዲኢኤም፣ ማለት በየሜትሩ የመሬቱን ከፍታ የያዘ ዳታ፣ እና ሦስቱ አይስማሙም። ካርታው ላይ አንድ ጅረት ድፍን ሰማያዊ መስመር ሆኖ ይመጣና የሺቱ (የአንዱ ካርታ ወረቀት) ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቀጣዩ ሺት ላይ ሰረዝና ሦስት ነጥብ ይሆናል፣ ማለት አንድ ጅረት እዚህ ጋ ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል እዚያ ጋ ይደርቃል እንደማለት ነው። የኤንኤችዲው መስመር ደግሞ አንዳንድ ቦታ የኩሊውን ጎን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ውሃ ዳገት አይወጣም አይደል? ከላይዳሩ ራሴ ላውጣው ብዬ ፍሎው አኩሙሌሽን (ውሃው ወርዶ የት እንደሚጠራቀም ማስላት) ስሰራ ስክሪኑ በመስመር ተሞላ፣ እያንዳንዷ ስንጥቅ ጅረት ሆነች፣ መንገድ የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ደግሞ መስመሩ ታጥፎ የመንገዱን ዳር ይዞ ይሄዳል።

ባለቤቱ የሚፈልጉት ቀላል ነገር ነው፣ ኦገስት ላይ ከብቱ የት ውሃ ያገኛል፣ ፒክአፕ የቱን ኩሊ በየት በኩል ይሻገራል፣ አዲስ ኩሬ ቢቆፈር የት ይሻላል። የቱን መሰረት ላድርግ? ጅረት ብዬ የምሰይመውስ የቱን ነው?

---

የፈፋ ልጅ፦

ወንድሜ እኔ መጀመሪያ የድሮውን ካርታ አክብር ነው የምልህ። አዲሱ ዩኤስ ቶፖ የሚሉት ከ2009 ጀምሮ የሚወጣው ካርታ በኮምፒውተር ከብሔራዊ ዳታቤዝ ተሰብስቦ የሚታተም ነው፣ ሜዳ ወጥቶ ያየው ሰው የለም። የድሮዎቹ ግን መጀመሪያ ከአየር ፎቶ በስቴሪዮ ይሳላሉ ከዛ ሰው ፊልድ ወጥቶ ያረጋግጣቸዋል። ለዛ ነው የድሮው ላይ ምንጩ፣ የንፋስ ፓምፑ፣ ጉድጓዱ፣ የፈረሰው የእርሻ ቤት ሁሉ ተጽፎ የምታገኘው። ለራንች ስራ ከዚህ የበለጠ ወርቅ የለም። ቶፖቪው የሚባለው የዩኤስጂኤስ ድረ ገጽ ላይ ግባ፣ ከ1884 ጀምሮ እስከ 2006 ድረስ የታተሙት ስካን ሆነው በነጻ ተቀምጠዋል፣ ለአንድ ቦታ የተለያየ ዘመን እትም ካለ ሁሉንም አውርድ።

ግን ካርታውን ከመክፈትህ በፊት ታች በግራ በኩል ያለውን ትንሽ ጽሁፍ አንብብ፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል። የአየር ፎቶው የተነሳበት ዓመትና ፊልድ የተረጋገጠበት ዓመት እዛ ላይ አለ። ሺቱ ላይ በሐምራዊ ቀለም የተጨመረ ነገር ካለ ደግሞ በኋላ ከአየር ፎቶ ብቻ የተጨመረ ነው፣ ፊልድ ያልታየ መሆኑን ራሱ ካርታው ይናገራል። ሐምራዊ ኩሬ ካየህ በጥንቃቄ ያዘው፣ ፎቶው በተነሳበት ቀን ውሃ ነበረ ከማለት ውጪ ብዙም አይነግርህም።

የጅረትህ ነገር ሺት ጠርዝ ላይ መቀየሩ አይግረምህ። ሁለቱ ሺቶች በተለያየ ዓመት የተሰሩ ይሆናሉ፣ አንዱ ዝናብ በበዛበት ዓመት ሌላው በድርቅ ዓመት ታይቶ ሊሆን ይችላል፣ አርታኢዎቹም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ኮንቱር ኢንተርቫሉንም (በሁለት የከፍታ መስመሮች መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት) እየው፣ አንዱ 10 ጫማ ሌላው 20 ጫማ ሊሆን ይችላል፣ እንደሱ ከሆነ አንዱ ሺት ላይ ኩሊው በደንብ ተቆርጦ ሌላው ላይ ለስለስ ብሎ ይታይሃል መሬቱ ግን ያው አንድ ነው።

ሌላው መርሳት የሌለብህ ነገር የካርታው ትክክለኛነት መጠን አለው። ደረጃው ከተፈተኑት ነጥቦች 90 ከመቶው በግማሽ ኮንቱር ኢንተርቫል ውስጥ እንዲሆኑ ነው የሚጠይቀው። 20 ጫማ ኢንተርቫል ላይ ያ 10 ጫማ ነው፣ 3 ሜትር ማለት። አግድሙ ደግሞ 1:24,000 ላይ 40 ጫማ ነው፣ እሱም በግልጽ ለሚለይ ነጥብ እንደ መንገድ መገናኛ እንጂ ለጅረት አይደለም። አሁን አስበው፣ 3 ሜትር ቀጥ ብሎ የተቆረጠ የቦረቦር ራስ በሁለት ኮንቱር መካከል ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ካርታው ላይ ለስላሳ ሜዳ፣ ቦታው ላይ ስትደርስ ፒክአፕ የሚውጥ ገደል። ስለዚ መሻገሪያ ከድሮ ካርታ እንዳትመርጥ አደራ።

---

ዳታ በዳታ፦

የፈፋ ልጅ ያለው ስለ ምንጭና ስለ ንፋስ ፓምፕ እውነት ነው፣ ግን ለመስመሩ አቀማመጥ የድሮውን ካርታ መሰረት አድርግ የሚለው ላይ አልስማማም። የመሬት ቅርጽ ላይ ላይዳር ካለህ ክርክር የለም። ኤንኤችዲው ራሱ እኮ በአብዛኛው ከዛው ከ1:24,000 ካርታ ሰማያዊ መስመር ዲጂታይዝ የተደረገ ነው፣ ስለዚህ ሦስት ምንጭ አለኝ ስትል የእውነት ያለህ ሁለት ነው። ዩኤስጂኤስም ኤንኤችዲን ኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጡረታ አውጥቶታል፣ ማውረድ ይቻላል ግን ከዚህ በኋላ አይታደስም፣ ምትኩ 3ዲኤችፒ የሚባለው ጅረቱን ከላይዳር ከፍታ ላይ እያወጣ የሚሄደው ነው። እንዲተካ ያደረገው ምክንያት አንተ ያየኸው ዓይነት ነው፣ መስመሩ ሸለቆው ውስጥ አይቀመጥም።

መጀመሪያ አንድ ነገር አረጋግጥ። መስመሮቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እኩል የተገፉ ናቸው ወይስ እዚህም እዚያም? እኩል ከሆነ ዴተም ነው፣ ማለት ልኬቱ የሚነሳበት መነሻ ስርዓት መለያየት። የድሮዎቹ ሺቶች ናድ27 ላይ ናቸው፣ ላይዳሩ ናድ83 ላይ፣ እዛ አካባቢ ልዩነቱ በአስሮች የሚቆጠር ሜትር ነው። ለአንዲት ጠባብ ኩሊ ያ ማለት መስመሩ ከወለሉ ወጥቶ ጎኑ ላይ መቀመጥ ማለት ነው። ከፍታውም የካርታው ኤንጂቪዲ29 የላይዳሩ ኤንኤቪዲ88 በሚባል የተለያየ መነሻ ስለሚለካ ከካርታው ያነበብከውን ከፍታ ከላይዳሩ ጋር በቀጥታ አታወዳድር። እዚህም እዚያም የተዘበራረቀ ከሆነ ግን የዲጂታይዚንግ ነገር ነው ወይም ጅረቱ ራሱ ቦታ ቀይሯል፣ ታችው ሜዳ የሆነ ኩሊ ውስጥ ጅረቱ ሲጠማዘዝ አልጋውን ይቀይራል፣ ይሄ የተለመደ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ። መስመርህ መንገድ ዳር ይዞ የሚሄደው ከልቨርት (በመንገድ ስር ውሃ የሚያሳልፈው ቱቦ) ነው ጉዳዩ። በዩኤስጂኤስ ስፔክ መሰረት ድልድይ ከዲኢኤሙ ላይ ይነሳል ከልቨርት ግን አይነሳም፣ በላዩ ያለው አፈር እንዳለ ይቆያል። ለኮምፒውተሩ መንገዱ ግድብ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ፊል ሲንክስ (ጎድጓዳውን ሁሉ ሙላ የሚለውን) ይጭናል፣ አትጫን፣ ከመንገዱ ጀርባ ያለውን ሁሉ እስከ መንገዱ ጫፍ በውሸት ሜዳ ይሞላልሃል፣ እውነተኛ የከብት ኩሬዎቹንም አብሮ ይደፍናቸዋል። በምትኩ ብሪች አድርግ፣ ማለት እንቅፋቱን ቆርጠህ ውሃውን አሳልፍ፣ ዋይትቦክስ የሚባለው ሶፍትዌር ላይ ሊስት ኮስት ብሪች የሚለው አለ ኪውጂአይኤስ ውስጥም ይሰራል። ከዛ በላይ የሚሻለው ግን ከልቨርቶቹን አንድ በአንድ ከአየር ፎቶ አይተህ አጭር መስመር ስለህ ዲኢኤሙን እዛ ጋ መቁረጥ ነው። ራንች ላይ መንገዱ ብዙ ስላልሆነ ያልቃል።

ስክሪኑ በመስመር የተሞላው ደግሞ ትሬሽሆልድህ (ጅረት ለመባል የሚያስፈልገው የተፋሰስ ስፋት) ትንሽ ስለሆነ ነው። 1 ሜትር ፒክስል ላይ 1,000 ሴል ብትል 0.1 ሄክታር ነው፣ የከብት መንገድም ጅረት ይሆናል። 100,000 ሴል ማለት 10 ሄክታር ተፋሰስ ነው፣ ከዛ ጀምርና ሂልሼዱ (የመሬቱን ቅርጽ በጥላ የሚያሳየው ምስል) ላይ ደርበህ እየው፣ መስመሩ የሚጀምርበትና የተቆረጠ አልጋ በዓይን የሚታይበት ቦታ እስኪገናኙ ድረስ ከፍ ዝቅ አድርገው። አንድ ቁጥር ለሁሉም ቦታ አይሰራም፣ ሸክላ አፈሩ ላይ ቦይ ቶሎ ይጀምራል፣ አሸዋማው ጋ ዘግይቶ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ላይዳር ውሃ አያይም። ጨረሩን ውሃው ይውጠዋል፣ ለዛ ነው ኩሬ ላይ ነጥብ የማይኖረው። ዳታው ላይ ተስተካክለው የሚቀመጡት 2 ኤከርና ከዛ በላይ የሆኑ ኩሬዎችና ወደ 100 ጫማ የሚሰፉ ወንዞች ብቻ ናቸው። የአንተ ጅረት አንዱም እዚህ ውስጥ አይገባም። ኩሊ ታች ቁጥቋጦው ጥቅጥቅ ያለበት ቦታም መሬቱን የሚነካው ነጥብ ጥቂት ስለሚሆን ቦዩ የተሞላ ይመስላል።

---

ኮንቱር27፦

ሁለታችሁም አላህም እግዜርም ይስጣችሁ። ዴተሙ ነበር ለካ ለአንደኛው፣ የካርታዎቹ ስካን ላይ ሁሉም መስመር ወደ አንድ ጎን ነው የተገፋው። ከልቨርቶቹንም ቆርጬ ስሞክር መስመሩ በቀጥታ መንገዱን አልፎ ወረደ። ኤንኤችዲውን እንግዲህ ለስም ብቻ እይዘዋለሁ።

የቀረኝ ዋናው ጥያቄ ግን ውሃው ነው። ቅርጹን አሁን አገኘሁት፣ የትኛው ውስጥ ውሃ እንዳለ ግን ከላይዳር አላውቅም፣ ካርታው ደግሞ ሺት በሺት ይለያያል። ድፍን መስመር ላድርገው ወይስ ሰረዝና ነጥብ? በዛ ላይ ተፋሰሱ የጎረቤት መሬት ውስጥ ይገባል፣ እዛ ገብቼ ማየት እችላለሁ?

---

ሰርቬየሯ፦

ዘግይቼ ገባሁ ግን ይሄ የምወደው ርዕስ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ወንድሜ ቅርጹንና ውሃውን አንድ መስመር ላይ አትጫናቸው። የድሮው ካርታ ችግር እዚህ ጋ ነው፣ አንድ ሰማያዊ መስመር ሁለት ጥያቄ እንዲመልስ ተደርጓል፣ የት ጋ ቦይ አለ እና ውሃ መቼ አለ። ቦዩን ከላይዳር አውጣ፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ የውሃውን ነገር ለብቻው በአትሪቢዩት (ከመስመሩ ጋር በተያያዘው ሰንጠረዥ) ጻፍ፣ ማን እንዳየው በየት ወር እንዳየው ጨምረህ። ኦገስት ላይ ደረቅ፣ ሜይ ላይ ይፈሳል፣ ገንዳ ገንዳ ሆኖ ይቀራል፣ እንዲህ ብለህ። ከዛ መስመሩን ድፍን ነው ሰረዝ ነው የሚለውን ከአትሪቢዩቱ ትወስናለህ፣ ነገ ሀሳብህን ብትቀይር ቅርጹን መንካት የለብህም።

ውሃውን ከምን ታገኛለህ? አንደኛ ናይፕ የሚባለው የእርሻ አየር ፎቶ፣ ከ2003 ጀምሮ አለ፣ በአብቃይ ወቅት ነው የሚነሳው። ዓመት በዓመት ደርድረህ እይ። ዙሪያው ሁሉ ቡኒ ሆኖ የኩሊው ታች ላይ አረንጓዴ ክር ካየህ፣ በተለይ የጥጥ እንጨትና የአኻያ ዛፍ በረድፍ ቆሞ ከሆነ፣ ላዩ ደርቆ እንኳን ስር ውሃ ቅርብ ነው። ለኩሬ ሴንቲኔል 2 ይሻላል፣ 10 ሜትር ፒክስል ነው፣ ደመና ከሌለ በየ5 ቀኑ ምስል አለህ፣ የቱ ኩሬ ጁላይ ላይ እንደሚጠፋ የቱ ሴፕቴምበር ድረስ እንደሚቆይ ቁጭ ብለህ ታየዋለህ። ትንንሾቹ ግን ሊያመልጡት ይችላሉ። እና ካርታ ላይ ያለ የአፈር ግድብ ሁሉ አለ ብለህ አትመን፣ ብዙው ጎኑ ተበልቶ ፈርሷል፣ ላይዳሩ ሂልሼድ ላይ የግድቡን ግንብ መሃሉ ተቆርጦ በግልጽ ታየዋለህ፣ ካርታው ላይ ግን እስከዛሬ ሰማያዊ ነው።

ሁለተኛ፣ ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ባለቤቱ። የካርታህን ረቂቅ ትልቅ አድርገህ አትምና ጠረጴዛ ላይ ዘርጋላቸው፣ እርሳስ ስጣቸው። ዝም ብለህ ስማ። የትኛው ኩሊ በየትኛው ድርቅ እንኳን እንዳልደረቀ፣ የትኛው ምንጭ በረዶ ቢሆንም እንደማይዘጋ፣ የትኛው መሻገሪያ ዝናብ ከነካው ሳምንት እንደማያሳልፍ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እዛ ያለው ሸክላ ጋምቦ የሚሉት ነው፣ ደርቆ ሲሚንቶ ነው፣ ከረጠበ ጎማ ላይ እየተጠቀለለ መኪናውን ያቆመዋል፣ ፎር ዊል ይሁን ምን ይሁን አይገባውም። መሻገሪያ ስትመርጥ ዳገቱን ብቻ ሳይሆን አፈሩንም ጻፍ፣ ደረቅ ሲሆን ብቻ የሚያልፈውን በሌላ ቀለም አድርገው።

ድፍን ወይስ ሰረዝ የሚለው ደግሞ ለውበት አይምሰልህ። ሞንታና ውስጥ በ1975 የወጣ ህግ አለ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ጅረት አልጋ ወይ ዳርቻ ላይ የሚሰራ ሰው ከአካባቢው ኮንሰርቬሽን ዲስትሪክት 310 የሚባለውን ፈቃድ ማውጣት አለበት። የከብት ኩሬ ላይም እንደዛው፣ ዓመቱን ሙሉ በማይፈስ ጅረት ላይ ከሆነ፣ ከ15 ኤከር ፊት (አንድ ኤከር መሬትን አንድ ጫማ ከፍታ የሚሸፍን ውሃ) በታች የሚይዝ፣ በዓመት ከ30 ኤከር ፊት በታች የሚጠቀም፣ 40 ኤከርና ከዛ በላይ ባለው መሬት ላይ የተሰራ ኩሬ በቀለለ አሰራር ያልፋል፣ ያም ቢሆን ማስመዝገብ አለ። ስለዚ ካርታህ ላይ ድፍን መስመር ያለምክንያት ብታሰምር ሰውየው አዲስ ኩሬ ሊሰሩ ሲነሱ ጥያቄ ይመጣባቸዋል። ውሳኔው የካርታው አይደለም የመስሪያ ቤቶቹ ነው፣ ግን ያንተ ማስረጃ ወርና ዓመት የተጻፈበት ከሆነ ይጠቅማቸዋል። ኩሬውን ሳይቆፍሩ በፊት ዲኤንአርሲ (የሞንታና የተፈጥሮ ሀብት መስሪያ ቤት) ጋ ደውለው ይጠይቁ።

የጎረቤት መሬት፣ ያለፈቃድ አትግባ። ሞንታና ውስጥ የአጥር ምሰሶ ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ቀለም ካየህ እሱ ራሱ አትግባ የሚል ህጋዊ ማስታወቂያ ነው፣ ሰሌዳ አያስፈልገውም። ሰዎች የ1985ቱን የወንዝ መጠቀሚያ ህግ ይጠቅሳሉ፣ ያ የሚያወራው ስለ መዝናኛ ነው፣ ጀልባና ዓሳ ማጥመድ፣ እሱም ወንዙ ጋ ለመድረስ የሰው መሬት አቋርጥ አይልም። ሞንታና ካዳስትራል በሚባለው የመሬት ይዞታ ድረ ገጽ ላይ የባለቤቱን ስም ታገኛለህ፣ ደውለህ ማን እንደሆንክ ለምን እንደምትመጣ ንገራቸው፣ አብዛኛው ሰው እሺ ይላል፣ በሩን እንዳገኘኸው ተወው ይሉሃል፣ ክፍት ከነበረ ክፍት ዝግ ከነበረ ዝግ። ካርታው ላይ ሴክሽን (በቅየሳ የተከፋፈለ ቁጥር ያለው የመሬት ካሬ) 16 እና 36 ብዙ ጊዜ የስቴቱ መሬት ነው፣ ስቴቱ ሲመሰረት በ1889 ለትምህርት ቤት የተሰጠ፣ ግን የህዝብ ነው ብለህ ዝም ብለህ አትግባ፣ የሊዝ ተከራይ አለው፣ ዙሪያውም የግል ሊሆን ይችላል።

ስልክ እንደማይሰራ ግልጽ ነው፣ ዲኢኤሙንም ፎቶውንም ካርታውንም ከመውጣትህ በፊት ስልክህ ላይ አውርድ። ጂፒኤሱ ኔትወርክ አይፈልግም ይሰራል፣ ጠባብ ኩሊ ታች ስትወርድ ግን ሰማዩ ስለሚጠብ ነጥቡ ይዘላል፣ ቆም ብለህ አማካይ ውሰድ።

---

የፈፋ ልጅ፦

ሰርቬየሯ ጨርሳዋለች። ዳታ በዳታም ስለ መስመር አቀማመጥ ያለው ላይ እሺ ብያለሁ፣ ከላይዳር ጋር ልከራከር አይደለም። እኔ ግን አንድ ልጨምር፣ የድሮ አልጋው የት ነበር የሚል ጥያቄ ከመጣ የጂኤልኦ (የድሮው የፌደራል መሬት ቢሮ) የቅየሳ ማስታወሻዎችን እይ፣ የፌደራል መሬት አስተዳደሩ የቢኤልኤም ዌብሳይት ላይ በነጻ አሉ። ቀያሾቹ የሴክሽን መስመሩን በሰንሰለት እየለኩ ሲሄዱ፣ አንዱ ሰንሰለት 66 ጫማ 80ው አንድ ማይል ነው፣ ጅረት ወይ ኩሊ በተሻገሩ ቁጥር በስንተኛው ሰንሰለት ላይ እንደሆነ፣ ስንት እንደሚሰፋ፣ ወደየት እንደሚፈስ ይጽፋሉ። መስመሩ ላይ ያለው የተለካ ነው፣ በሴክሽኑ መሃል የሳሉት ግን በዓይን ነው፣ እሱን አትመን።

---

ኮንቱር27፦

ይሄ ሁሉ ከጠበቅኩት በላይ ነው፣ በጣም አመሰግናለሁ። ቦይና ውሃን መለየት የሚለውን ዛሬውኑ ሰንጠረዡ ላይ አስገባሁት። አንድ ትንሽ ነገር ብቻ፣ ስምስ? ባለቤቱ የሚጠሩት ስምና ካርታው ላይ ያለው አይገናኝም፣ ግማሹ ኩሊ ደግሞ ካርታው ላይ ስም የለውም።

---

ሰርቬየሯ፦

ሁለት ኮለም አድርግ። አንዱ ላይ ጂኤንአይኤስ በሚባለው የፌደራል የቦታ ስሞች ዳታቤዝ ውስጥ ያለውን ኦፊሻል ስም፣ ሌላው ላይ ሰዎቹ የሚጠሩትን። የሚታተመው ካርታ ላይ ለራንቹ ሰዎች የሚጠሩት ስም ይውጣ፣ እሳት ቢነሳ ወይ ሰው ቢጎዳ በሬዲዮ የሚባለው እሱ ነው። ለመስሪያ ቤት የሚሄደው ላይ ኦፊሻሉ ይሁን፣ ከጎኑ የመሬቱን የቅየሳ አድራሻ ማለት ታውንሺፕ ሬንጅና ሴክሽኑን ጻፍ፣ ምክንያቱም ድራይ ክሪክ፣ ስፕሪንግ ኩሊ፣ ኮተንዉድ ክሪክ የሚባል ስም እዛ ስቴት ውስጥ በየቦታው ይደጋገማል። የድሮ ሺት ላይ ያገኘኸውን ስም ደግሞ ሳታጣራ አትገልብጥ፣ በ2022 የአገር ውስጥ ሚኒስቴሩ የነባር ህዝቦችን ሴቶች የሚሰድብ ቃል የነበረባቸውን ወደ 650 የሚጠጉ ቦታዎች ስም ቀይሯል፣ ስካኑ ላይ ግን አሮጌው ስም አሁንም እንዳለ ነው።